«መርፌዋን አንድም ወር አላሳለፍንም»

ስለ ቶንሲልና በእሱ ምክንያት ስለሚመጣው የልብ ሕመም በዚህ ዓምድ ከአንድም ሁለት ጊዜ አንስተናል። የዛሬው ጉዳይ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ብዙ ቤተሰብ ስሙን ሳይሰማ ይደርስበታል። የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን እንበለው፤ ሐኪሞች «ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይተስ» ይሉታል። ስሙን ማስታወስ ግዴታ አይደለም። ማስታወስ የሚያስፈልገውን ነገር አንዲት አያትና የልጅ ልጃቸው ታሪክ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አያትየዋ የ14 ዓመት ልጅ ይዘው የመጡት ግንቦት ላይ ነበር። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የሚኒስትሪ ፈተና ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። እናቷ ለሥራ ዐረብ አገር ስለሄደች ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የሩማቲክ የልብ ሕመም እንዳለባት ስለሚታወቅ በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች። አያትየዋ ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ የመርፌ ካርድ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። አገላብጬ አየሁት፤ አንድም የተዘለለ ቀን የለበትም።

«ዶክተርዬ፣ መርፌዋን አንድም ወር አላሳለፍንም። በዝናብም፣ በበዓልም። ታዲያ ይኼ ትኩሳት ከየት መጣብን?» አሉኝ።

ትኩሳቱ ከጀመረ አምስት ሳምንት አልፎታል። መጀመሪያ በሄዱበት ቦታ ደም ተሰጥቶ «ታይፎይድ ነው» ተባለና ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘላት። ለጥቂት ቀን ተሻላት። መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። ሌላ ቦታ ሄዱ፤ «ታይፎይድም ታይፈስም አለባት» ተባሉ፤ ሌላ መድኃኒት ተሰጣት። እንደገና ተሻላት፤ እንደገና ተመለሰባት። በሦስተኛው ግን ነገሩ መልኩን ቀይሮ ነበር። ማታ ማታ አንሶላው እስኪርስ ያልባታል፤ ከስታ የዩኒፎርም ቀሚሷ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ ደረጃ መውጣት አቅቷታል፤ በአንድ ትራስ የምትተኛው ልጅ ሦስት ትራስ ደርባ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ አንድ ነገር ነው። በአምስቱ ሳምንት ውስጥ አያትየዋ በየሄዱበት «ልጄ የልብ ሕመምተኛ ናት» ብለዋል። ማንም ግን ደረቷን በጥሞና አላዳመጠም። እዚህ ላይ ራሴን ነጻ አላወጣም። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ወረፋው ሲበዛብኝ የላብራቶሪ ወረቀቱን ብቻ አይቼ መድኃኒት የጻፍኩባቸው ቀናት ነበሩ። ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ካለ ልብ ያርፋል፤ ቤተሰብም ስም የተሰጠው በሽታ ይዞ ሲወጣ ደስ ይለዋል። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ግን ለብቻው የሚታመን አይደለም። ከዚህ ቀደም ታይፎይድ የያዘውም ሰው፣ በሌላ በሽታ የታመመውም ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ታይፎይድን በትክክል የሚያረጋግጠው ራሱ ካልቸር ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን።

አሁን የአያትየዋን ጥያቄ እንመልስ። ትኩሳቱ ከየት መጣ?

ልብ አራት ቫልቮች አሉት። ቫልቭ ማለት ደም ወደፊት አሳልፎ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ስስ በር ነው፤ በቀን ወደ መቶ ሺህ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጤነኛ ቫልቭ ልሙጥ ስለሆነ ጀርም በቀላሉ አይጣበቅበትም። በሩማቲክ ትኩሳት የተጎዳ፣ ከተወለደ ጀምሮ ጉድለት ያለበት፣ በዕድሜ ብዛት የደነደነ ቫልቭ ግን ገጹ ሻካራ ነው። በቀዶ ሕክምና የተተካ ቫልቭም ለጀርም ይመቻል። ከታመመ ድድ፣ ከቆዳ እባጭ ወይም ከሽንት መስመር ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ እዚያ ሻካራ ቦታ ላይ ይለጠፋል። ደም ይረጋበታል፤ ባክቴሪያውም በረጋው ደም ተሸፍኖ ይራባል። በኢኮ ሲታይ ከቫልቩ ጋር አብራ የምትወዛወዝ ትንሽ ጉብታ ናት። በጉብታዋ ውስጥ የደም ሥር ስለሌለ ጀርም ተዋጊ ሴሎቻችን አይደርሱባትም፤ መድኃኒትም የሚገባት በችግር ነው።

ታዲያ የወሩ መርፌ ምን ሠራ? የተሰጠውን ሥራ ሠርቷል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚሰጠው የጉሮሮው ጀርም ተመልሶ እንዳይመጣና የሩማቲክ ትኩሳት እንዳያገረሽ ነው። መጠኑ ዝቅተኛ ሆኖ ለሳምንታት በደም ውስጥ የሚቆይ መድኃኒት ስለሆነ ለዚያ ይበቃል። የቫልቭ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ግን አይበቃም። ብዙ ወላጅ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ አይፈረድበትም፤ ቁጭ ብሎ የነገረው የለምና። ስለዚህ መርፌውን በጭራሽ አታቋርጡ፤ ነገር ግን «መርፌ ላይ ስላለች አትታመምም» ብላችሁ ትኩሳትን ችላ አትበሉ።

ልጅቷ ያን ዕለት ተኛች። ኢኮ ሲሠራ ማይትራል በሚባለው ቫልቭ ላይ ጉብታዋ ታየች፤ ድሮ ጥቂት ያፈስስ የነበረው ቫልቭ አሁን ክፉኛ ያፈስሳል። ለካልቸር ደም ተቀዳ። የደም ካልቸር ማለት ከታማሚው ደም ወስዶ ለባክቴሪያ በሚመች ምግብ ውስጥ ማቆየትና ምን እንደሚበቅል ማየት ነው። ለዚህ በሽታ ከተለያየ ቦታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። የበቀለው ባክቴሪያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይፈተናል፤ ሕክምናው በዚያ ይመራል።

የልጅቷ ካልቸር ምንም አላበቀለም። ባክቴሪያው ጠፍቶ አይደለም። በአምስቱ ሳምንት የዋጠቻቸው መድኃኒቶች በደሟ ውስጥ ያለውን አዳክመውት ነው፤ ቫልቩ ላይ ያለው ግን በጉብታው ውስጥ ተደብቆ ሥራውን እየሠራ ነበር። ጠላታችንን ሳናውቀው ለመዋጋት ተገደድን። ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ የሚሸፍን የመድኃኒት ቅንጅት መስጠት ነበረብን፤ ከእነሱ አንዱ ጄንታማይሲን ነው። ጄንታማይሲን ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ግን ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል በደም ምርመራ እየተጠበቀ ነው የሚሰጠው።

ይህን ሳስብ አንድ የድሮ ታሪክ ትዝ ይለኛል። የኦስትሪያው ስመ ጥር የሙዚቃ ሰው ጉስታቭ ማህለር እ.ኤ.አ. በ1907 የልብ ቫልቭ ችግር እንዳለበት ተነገረው። በ1911 መጀመሪያ ኒውዮርክ እያለ የማይለቅ ትኩሳት ያዘው። ሐኪሞቹ ደሙን ቀድተው ካልቸር አደረጉ፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በቀለ። በሽታውን በስሙ አወቁት። ግን በዚያ ዘመን ፔኒሲሊን አልነበረም፤ ሕክምና ላይ የዋለው በ1940ዎቹ ነው። ማህለር ቪየና ተመልሶ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በ50 ዓመቱ ሞተ። ያን ጊዜ ምርመራው ነበራቸው፣ መድኃኒቱ አልነበራቸውም። እኛ ሁለቱም አሉን፤ ግን ቅደም ተከተሉን እየገለበጥን መድኃኒቱን አስቀድመን ምርመራውን እናበላሸዋለን።

ስለዚህ በቤታችሁ የቫልቭ ችግር ያለበት፣ ቫልቭ የተተካለት ወይም ከዚህ ቀደም ይኸው ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ካለ፣ ምክንያቱ በግልጽ ያልታወቀ ትኩሳት ሲመጣበት ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትስጡት። «ካለፈው የተረፈ አለ» ብላችሁም አትጀምሩለት። ትኩሳት ማብረጃ ፓራሲታሞል መስጠት ይቻላል፤ እሱ ካልቸር አያበላሽም። ወደ ሆስፒታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልቸር በየጤና ጣቢያው አይሠራም። «ልቡን ያመዋል፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የደም ካልቸር ያስፈልገው ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም ሆኜ ስናገር፣ ይህ ጥያቄ ማንንም ሐኪም አያስቀይምም። ታማሚው በጣም ከደከመ ደግሞ ሕክምናው ውጤቱን አይጠብቅም፤ ደሙን መቅዳት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ወዲያው መድኃኒቱ ይጀመራል። ቀድሞ የወሰደው መድኃኒት ካለም አትደብቁ፤ ባዶ ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ይህ ኢንፌክሽን ልብን በብዙ መንገድ ስለሚጎዳ ነው። ዋነኛውና ብዙዎችን የሚገድለው የልብ ድካም ነው። ጀርሙ ቫልቩን ይበላዋል፤ አንዳንዴ ቀዳዳ ያበጅበታል፤ ቫልቩን የሚይዙትን ቀጫጭን ክሮች ይበጥሳቸዋል። ያን ጊዜ ወደፊት መሄድ ያለበት ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ሰውየው ተጋድሞ መተንፈስ ያቅተዋል። ልጅቷ ሦስት ትራስ የደረበችው ለዚህ ነበር። ይህ ሲብስ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ቫልቩን በቀዶ ሕክምና መጠገን ወይም መለወጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጀርሙ ከቫልቩ አልፎ በዙሪያው ባለው ሥጋ ውስጥ መግል ሲቋጥር ነው። በተለይ በኤኦርቲክ ቫልቭ አጠገብ ልብን የሚያስመታው የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። መግሉ እዚያ ከደረሰ የልብ ምት ይዘገያል፤ ሰውየው ራሱን ሊስት፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። አያትየዋ «ልጅቷን በየማለዳው ደረቷ ላይ ገመድ እየለጠፋችሁ ምን ታደርጓታላችሁ?» ብለው ተቆጥተውኝ ነበር። ኢ.ሲ.ጂ. ነበር። መስመሩ መነካት ሲጀምር ከሕመም ስሜት በፊት እዚያ ወረቀት ላይ ይታያል። ሲነገራቸው ገባቸው፤ ከዚያ በኋላ ነርሷ ስትዘገይ የሚያስታውሱት እሳቸው ሆኑ።

ሦስተኛው ጉብታዋ ተቆርጣ በደም ስትጓዝ ነው። ወደ አንጎል ከሄደች ስትሮክ ታመጣለች፤ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ጣፊያ፣ ወደ እግርም ልትሄድ ትችላለች። ልበ ሕመምተኛ የሆነ ልጅ ትኩሳት ላይ እያለ ድንገት ፊቱ ቢጣመም፣ ንግግሩ ቢተሳሰር፣ አንድ እጁ ቢዝል «ብርድ መታው» ተብሎ የሚታደርበት ጉዳይ አይደለም። በዚያው ሰዓት መኪና ይፈለጋል።

ልጅቷ የልብ ድካሙ ነበረባት፤ ሌሎቹ አልደረሱባትም። በአሥረኛው ቀን ትኩሳቷ ጠፋ። ምግብ በላች፤ ሳቀች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አያትየዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮዬ መጡ። «ልጄ ድናለች፤ ፈተናው ደርሷል፤ የቀረውን መድኃኒት እቤቷ ትዋጠው» አሉ። የእሳቸውን ችግር አውቀዋለሁ። አስታማሚ ሆኖ ሆስፒታል ወለል ላይ ማደር፣ ቤት ዘግቶ መምጣት፣ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ እናቲቱ የምትልከው ብር የማይበቃበት ወር። ሕክምናው ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ትኩሳቱ የጠፋው በደም ውስጥ ያለው ጀርም ስለቀነሰ ነው፤ ጉብታው ውስጥ ያለው ገና አለ። ከዚያ መሀል ወጥተው በወሩ በባሰ ሁኔታ የተመለሱ ልጆችን አይቻለሁ። ያልተመለሱም አሉ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያማ ፈተናው ለከርሞም አለ» ብለው ጋቢያቸውን ሊያነጥፉ ሄዱ።

ጀርሙ የገባበትን ስንፈልግ የታችኛው መንጋጋዋ ውስጥ ሁለት የበሰበሱ ጥርሶች አገኘን። ለወራት በአንድ ወገን ብቻ ስታኝክ ነበር። ጥርስ ሐኪም ያልሄደችው «ልብ ያለባት ልጅ ጥርስ አትነቀልም» ስለተባለ ነው። ይህ አባባል በየሰፈሩ አለ፤ ብዙ ጉዳት አድርሷል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። የበሰበሰ ጥርስና የሚደማ ድድ በየዕለቱ፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ ባክቴሪያ ወደ ደም ይልካሉ። ስለዚህ ልቡን የሚያመው ልጅ ከማንም በላይ የጥርስ ሐኪም ያስፈልገዋል። በቡርሽም ይሁን በወይራ መፋቂያ ጠዋትና ማታ ይፈቅ፤ ድዱን እስኪያደማ ግን አይደለም። ጥርስ ሲነቀል፣ ቫልቭ ለተተካለት ወይም ኢንፌክሽኑ ከዚህ ቀደም ለያዘው ሰው ከሥራው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንድ ጊዜ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ለሌሎች የልብ ሕመምተኞች የሚወስነው የልብ ሐኪሙ ነው። በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ልጅ ከሆነ ይህን ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩት፤ አፉ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ለምደውት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይመርጣል። ዋርፋሪን የሚወስድም ቢሆን በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

ግግ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ገና ከአገራችን አልጠፉም። ስለ ጉዳታቸው ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። በተፈጥሮ የልብ ጉድለት ላለበት ሕፃን ግን ባልተቀቀለ ምላጭ አፉን መቁረጥ ጀርሙን በር ከፍቶ ወደ ልቡ እንደ ማስገባት ነው። አያቶች በዚህ ጉዳይ በቤት ውስጥ ቃላችሁ ይሰማል።

ስለ አያቶች ካነሣን አይቀር፣ ይህ የልጆች ብቻ በሽታ አይደለም። በዕድሜ የገፋ ሰው ቫልቩ ይደነድናል፤ ፔስሜከር የተገጠመለት፣ ዲያሊሲስ የሚያደርግ፣ ሽንቱ በቱቦ የሚወጣ ይኖራል። በእነሱ ላይ በሽታው ተደብቆ ይመጣል፤ ትኩሳቱ ትንሽ ሊሆን፣ ጨርሶ ላይኖርም ይችላል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ይከሳሉ፣ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ነገር ይምታታባቸዋል። ቤተሰብም «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። ሳምንታት የቆየ እንዲህ ያለ ለውጥ ካለ፣ በተለይ እግር ማበጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት፣ ልባቸው ይታይላቸው።

ልጅቷ ስድስቱን ሳምንት ጨርሳ ወጣች። ኢንፌክሽኑ ጠፍቷል፤ የተበላው ቫልቭ ግን አልተመለሰም። የልብ ድካም መድኃኒት ትወስዳለች፤ ለቀዶ ሕክምና ተራ ይዛለች፤ ተራው ረዥም ነው። የሚኒስትሪ ፈተናውን በዓመቱ ተፈትና አልፋለች።

ስትወጣ በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፍኩላቸው፦ «ይህች ልጅ የልብ ቫልቭ ሕመም አለባት፤ ከዚህ ቀደም የቫልቭ ኢንፌክሽን ይዟታል። ትኩሳት ካላት አንቲባዮቲክ ከመጀመሯ በፊት ለደም ካልቸር ደም ይቀዳላት።» ፈረምኩበት፤ ማኅተም አደረግንበት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጡ አያትየዋ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ላሚኔት አስደርገውት ከመርፌ ካርዱ ጋር በዚያው ፌስታል ጠቅልለውታል። ሌላ ሁለት ቅጂ እንድፈርምላቸው ጠየቁኝ፤ አንዱ ለትምህርት ቤቷ፣ አንዱ ለእናቷ በስልክ ፎቶ የሚላክ።